ለዘሃራ፤ ግመሉን ስላቆምንበት እሁድ

ዘሃራዬ፣

አላህ ባለሽበት ሁሉን ያስፋልሽ። ከተለየሽኝ ስምንት ወር ሞላ። የሸኘንሽ በጥቅምት ነበር፤ አሁን ሰኔ ገብቶ በደብረ ሲና ተራራ ላይ ደመና መቆለል ጀምሯል። እኛ ቆለኞቹ ግን ዝናቡን ገና በዓይናችን ብቻ ነው የምናየው። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ስንት ጊዜ ተቀምጬ ስንት ጊዜ እንደተነሣሁ አልነግርሽም። አንቺ ፊደል አልቆጠርሽም፤ እኔም የማውቀው ጋሼ ወልዴ ሱቁ ደጃፍ አስቀምጦ ያስተማረኝን ያህል ነው። ስለዚህ ጽፌ ስጨርስ፣ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ቀብርሽ ዘንድ መጥቼ ጮክ ብዬ አነብልሻለሁ። የሚያየኝ ሰው ቢኖር ይየኝ።

ትልቅ ወሬ ይዣለሁ። ግን አንቺ የቤቱን ሳትሰሚ የውጭውን ስለማትሰሚ ከቤት ልጀምር። ልጃችን ሰዓዳ ደህና ናት። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው የገዛ ስሟን መጥራት አቅቷታል፤ ማን ትባያለሽ ሲሏት "ታዳ" ትላለች፤ ሰው ሲስቅ እሷም አብራ ትስቃለች። ጓሮ የተከልሻት ፓፓያ አፈራች። የመጀመሪያውን ፍሬ ለአባትሽ ለሼህ ኑሩ ወስጄላቸው ነበር፤ ቅመስ እንኳ ሳይሉኝ ብቻቸውን ጨረሱት። ከቁርቁራው ዛፍ ሥር የነበረውን የሻይ ቦታሽን እህትሽ ከድጃ ይዛዋለች። ደንበኞችሽ ሁሉም ዛሬም ይመጣሉ፤ ግን የመጀመሪያውን ብርጭቆ ሲጠጡ ሁሉም ዝም ይላሉ። ምን እንደሚያስቡ አውቃለሁ። ከድጃም ታውቃለች፤ አይከፋትም። ጣሊያኖቹ የሚሠሩት መንገድ ጀውሃን አልፎ ሄዷል፤ ካሚዮኖቹ ቀኑን ሙሉ አቧራ ሲያነሡ ይውላሉ፤ ልብስ አጥቦ ማስጣት ከንቱ ሆኗል።

አሁን ወሬዬን ስሚ። ጣሊያኖቹን አሸነፍናቸው! ሁለት ለአንድ። በዚያው ሜዳ፣ በቀን ብርሃን፣ አለቃቸው ወንበር አስወጥቶ እያየ አሸነፍናቸው።

አንቺ የምታውቂውን ብደግምልሽ አትቆጪኝ፤ ከመጀመሪያው ካልተናገርኩት ወሬው አይጥመኝም። የመንገድ ሥራው ካምፕ ሸዋ ሮቢት ሲተከል፣ ጣሊያኖቹ ከወንዙ ወዲህ ያለውን መሬት ደልድለው፣ በሁለቱ ጫፍ እንጨት አቁመው፣ እሁድ እሁድ ኳስ ይጫወቱ ነበር። ወባው ግማሾቹን ሲጥላቸው ለሁለት ቡድን የሚበቃ ሰው አጡ። ነጭና ጥቁር አንድ ላይ እንዳይጫወት የሚል ትእዛዝ ወጥቷል ይባል ነበር። ጣሊያናዊው የካምፑ መካኒክ ግን ኳስ ካልተጫወተ የሚታመም ሰው ነው፤ ትእዛዙ ይህን ሙቀት ችሎ እዚህ ድረስ አይወርድም ብሎ እኛን የቀን ሠራተኞቹን ጠራን። መጀመሪያ ኳስ አቀባይ ሆንን፤ ቀጥሎ የጎደለ ሰው ማሟያ፤ በመጨረሻ የራሳችን ቡድን አቆምን። እኔ ደረቴ ሰፊ ነው ተብዬ በረኛ ተደረግሁ። ድንጋይ ጫኙ አብዱ አጥቂ ሆነ። ከደብረ ሲና ወርዶ ከእኛ ጋር የሚሠራው ታደሰ፣ ያ ቀጭኑ፣ ሁለተኛ በረኛ ተባለ፤ ማለትም እኔ እስካልታመምኩ ድረስ ቁጭ ብሎ ያያል።

ኳሱ ከተጀመረ ወዲህ ከተማው ሌላ ወሬ አልነበረውም። ያኔ አራት ሰው አንድ ላይ ከቆመ ለሽፍቶቹ ምን ልታደርሱ ነው ተብሎ ይበተናል፤ ሽፍታ የሚሉት አርበኛውን ነው። ስለ ኳስ ከሆነ ግን ሃያ ሆነን ብንጮህ የሚነካን የለም። እናም ከዐሥር ሶላት በኋላ ሁሉም ቁርቁራው ሥር ይሰበሰባል። ጋሼ ወልዴ ሱቁን ዘግቶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ይመጣል። በእግሩ ኳስ ነክቶ የማያውቅ ሰው ከሁላችን የበለጠ ያወራ ነበር። ማን ይሰለፍ፣ ማን ይቀመጥ፣ ቅጣት ምት ሲመታብን ስንት ሰው ፊት ይቁም፤ ሙግቱ አያልቅም። አንቺ ሻዩን እየቀዳሽ ትሰሚያለሽ። የምትቀመጪው የሜዳው ጥግ ላይ ስለሆነ ጨዋታውን ሁላችንም ከማናይበት በኩል ነበር የምታዪው። ያን ጊዜ ይህ አልገባኝም ነበር።

የመጀመሪያውን ግጥሚያ አራት ለዜሮ ተሸነፍን። በረኛው እኔ ነበርኩ። ከአራቱ ሦስቱን ያገባው ያ ቀይ ጺሙ፣ ቁመቱ ከአግዳሚው እንጨት የሚስተካከለው፣ ሰዉ ግመሉ ያለው ጣሊያን ነው። ሦስቱም ከኮርነር ነው የገቡት፤ ኳሷ ከሜዳው ጥግ ተመትታ ወደ ላይ ትነሣለች፣ ግመሉ ከኋላ እየሮጠ ይመጣል፣ በቴስታ ይመታል፣ መረብ ስለሌለ ኳሷን ከማሽላ ማሳ ውስጥ ፈልገን እናመጣለን። ጣሊያኖቹ በመጨረሻው ላይ ደስታቸውን ትተው በእኛ መሳቅ ጀመሩ። ያ ሳቅ ነው የከበደኝ።

በማግስቱ ቁርቁራው ሥር የሆነውን አንቺም አልረሳሽውም። ጋሼ ወልዴ ለኔ ይከራከራል።

"ይመር ምን ያድርግ? የኋላ ሰዎቹ ናቸው የጣሉት!" ይላል።

አብዱ በበኩሉ፣ "በረኛ እኮ ኳሷ ጋ የሚሄድ ነው፤ ኳሷ እስክትመጣለት የሚጠብቅ አይደለም" ይላል።

ታደሰ አንገቱን ደፍቶ ሻዩን ያማስላል። ይህን ጊዜ አንቺ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጥሽና፣ "ጋሼ ወልዴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔም ልናገር" አልሽ።

ባዶ ብርጭቆዎቹን መሬት ላይ ደረደርሻቸው። ይህ ጎሉ ነው አልሽ፤ ይህ ግመሉ ነው። "ግመሉ ሁልጊዜ የሚነሣው ከሩቅ ነው። ኳሷ ከተመታች በኋላ ነው የሚሮጠው። አንድ ሰው አስቀድሞ መንገዱ ላይ ቢቆምበት ለመዝለል ቦታ አያገኝም። ሁላችሁም ኳሷን ታያላችሁ እንጂ እሱን የሚያይ የለም።" ቀጥለሽ የበረኛውን ብርጭቆ ወደ ፊት ገፋ አደረግሽው። "በረኛውም ወጥቶ በቡጢ ይምታት። ለዚህ ደግሞ እጁ ረጅም የሆነ፣ የማይፈራ ሰው ነው የሚያስፈልገው። ታደሰ ይግባ።"

ሰዉ ሳቀ። ጋሼ ወልዴ፣ "ኧረ ሴትዮ፣ ባልሽን ከሥራ ልታስወጪው ነው?" አለና ሳቁ ባሰ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ። "እኔስ ምን ጎደለኝ?" አልኩሽ እንደ ቀልድ። ሰው ፊት ሁልጊዜ "አንቱ" እያልሽ የምታከብሪኝ ሴት፣ ቀጥ ብለሽ አየሽኝና፣ "አንተ ኳሷ ስትመጣ ከእንጨቱ ጋር ትጣበቃለህ፤ ትፈራለህ ይመር" አልሽ።

ዘጠኝ ቀን አኮረፍኩሽ። ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል። የምታቀርቢልኝን ፊቴን አዙሬ እበላለሁ፤ ሻይ ሲያምረኝ ያንቺን አልፌ፣ በካሚዮን ጀውሃ በሄድን ቁጥር ከሾፌሮቹ ጋር እጠጣ ነበር። የከፋኝ መዋረዴ እንዳይመስልሽ። የከፋኝ፣ ፍርሃቴን ከኔ በቀር ማንም አያውቅም ብዬ ስኖር አንቺ ማየትሽ ነው።

በአሥረኛው ቀን ወባው ጣለሽ። መጀመሪያ እንደ ሁልጊዜው ብርድ ብርድ ብሎሽ የሚተውሽ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ተሸክሜሽ ካምፕ ድረስ ወሰድኩሽ፤ ኪኒኑ ለነጮቹ ብቻ ነው ብለው ከበሩ መለሱን። መካኒኩ ሲሰማ የራሱን ኪኒን በወረቀት ጠቅልሎ ቤታችን ድረስ አመጣ። አመሰግነዋለሁ፤ ግን ዘግይቶ ነበር። በአምስተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ እጄን እንደያዝሽ ሄድሽ። በእነዚያ ቀኖች ስለ ሰዓዳ አወራን፤ ስለ አባትሽ አወራን፤ ሎሚ በውሃ ጠየቅሽኝ፣ ሰጠሁሽ። ኩርፊያው የት እንደገባ አላውቅም። ኳሱን ግን ሁለታችንም አላነሣነውም። ልክ ነበርሽ ማለት ሁለት ቃል ነው፤ አምስት ቀን ሙሉ አጠገብሽ ተቀምጬ ሁለቱን ቃል አላልኳቸውም።

ከዚያ በኋላ ሜዳው አጠገብ አልደረስኩም። ቡድኑም ተበተነ። በየካቲት መካኒኩ መጥቶ፣ ጓደኞቹ ከወባው ስለተነሡ ዳግመኛ መጋጠም እንደሚፈልጉ ነገረን። አዲስ የካምፕ አለቃ መጥቶ ነበርና እሱም ሊያይ ነው ተባለ። አለቃው ሐሙስ ዕለት ሥራ ቦታ ድረስ መጥቶ፣ አስተርጓሚው እያፈረ፣ "ተጫወቱ፤ ግን ማን እንደሆናችሁ እንዳትረሱ ብለዋል" አለን።

የዚያን ዕለት ቁርቁራው ሥር የተሰበሰበው ሰው አንቺ በነበርሽበት ጊዜ ከነበረው ሁሉ ይበልጥ ነበር። ሙግቱም ሌላ ዓይነት ሆነ። ጋሼ ወልዴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጎበዝ፣ ማሸነፍ እንችል ይሆናል። ግን ብናሸንፍ ነገ እንጀራችሁን ማን ይሰጣችኋል? በጥቂት ተሸንፋችሁ በሰላም ብትገቡ አይሻልም?" አለ። የልጆች አባት የሆኑት ብዙዎቹ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። አብዱ ተነሣ።

"ጋሼ ወልዴ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ካቦው እየተሳደበ ድንጋይ ያሸክመኛል። መልስ አልሰጥም። እሁድም ዝም በል ካሉኝ፣ እኔ መቼ ነው የምናገረው?"

ሁሉም ወደ እኔ አየ። በረኛው እኔ ነኝና በጥቂት መሸነፍም ሆነ ማሸነፍ የኔ እጅ ላይ ነው ብለው ይመስለኛል። ተነሣሁ። "እኔ አልጠብቅም። በረኛው ታደሰ ነው" አልኩ። ታደሰ ደንግጦ ብርጭቆውን ከእጁ ጣለ። ከዚያ ከድጃን ባዶ ብርጭቆዎች ጠየቅኋት፤ መሬት ላይ ደረደርኳቸው፤ ይህ ጎሉ፣ ይህ ግመሉ። የግመሉን መንገድ የሚዘጋው እኔ እሆናለሁ አልኩ፤ ደረቴ ለዚያ ይጠቅማል። የፀሐዩንም ነገር ተናገርኩ። ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ አንድ ቀን ውሃ ቀድተሽ ስትመለሺ፣ በወንዙ በኩል የሚቆም በረኛ ፀሐይዋ ወደ ተራራው ስታዘቀዝቅ ምንም አያይም ብለሽኝ ነበር። በመጀመሪያው አጋማሽ ፀሐዩን እኛ እንቀበል፣ ከዕረፍት በኋላ ሲብስ ለእነሱ ይድረስ አልኩ። በኛ ኮርነር ጊዜ ደግሞ ኳሷን ወደ ላይ አናንሣት፤ በቁመት ይበልጡናል፤ መሬት ለመሬት ወደ ኋላ ለአብዱ እናንከባልላት፤ ረጅም ሰው እስኪያጎነብስ ይቆያል። ይኸኛውም ያንቺ ነው። በመጀመሪያው ግጥሚያ ማታ ቤት ስንገባ ነግረሽኝ አልሰማሁሽም ነበር።

ጋሼ ወልዴ አፉን ከፍቶ ሰማኝና፣ "ይመር! ይህን ሁሉ ከየት አመጣኸው?" አለ።

ዘሃራዬ፣ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ማንም አያውቅብኝም ነበር። "አሰብኩበት" አልኩት። ሰው ሁሉ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከድጃ ግን ከማንቆርቆሪያው ቀና ብላ አንድ ጊዜ አየችኝ። ያን ቀን ብርጭቆዎቹን ስትደረድሪ እሷም እዚያው ነበረች።

እሁዱ መጣ። ሰው ከጀውሃ በእግሩ መጣ፤ ከማጀቴ ገበያ የሚመለሱ ነጋዴዎች ግመሎቻቸውን አስረው ቆሙ፤ ከደብረ ሲናም ታደሰ ሊጫወት ነው ሲባል ዘመዶቹ ጋቢያቸውን ለብሰው ወርደው በሙቀቱ ተቃጠሉ። አለቃው ጥላ ሥር ወንበር አስወጥቶ ተቀመጠ። እነሱ ማልያና ጫማ አላቸው። ከእኛ ከአሥራ አንዱ መካከል ጫማ ያደረገው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከዕረፍት በፊት አወለቀው።

መጀመሪያው መጥፎ ነበር። ፀሐዩ በፊታችን ነው። ቅጣት ምት አገኙ፤ የኛ ሰዎች ኳሷን ፈርተው ዘወር ሲሉ በመሃላቸው አለፈች፣ ታደሰ ሳያያት ገባች። አንድ ለዜሮ። ከዳር ጩኸቱ ተነሣ። ጋሼ ወልዴ፣ ያው የኔ ጠበቃ፣ "በረኛው ይቀየር! ይመር ይግባ!" እያለ ባርኔጣውን ያወዛውዛል። ታደሰ ወደ እኔ አየ፤ ዓይኑ ውስጥ ያ የማውቀው ፍርሃት አለ። የእንጨቱን ቋሚ ይዞ ነበር። ሄጄ እጁን ከእንጨቱ ላይ አነሣሁለት። "ታደሰ፣ ከዚህ እንጨት ጋር እኔ ብዙ ኖሬያለሁ፤ ምንም አይጠቅምህም። ኮርነር ሲመጣ ውጣ። ብትስት ስድቡን እኔ እቀበላለሁ" አልኩት። እስከ ዕረፍት ሌላ አልገባብንም።

ከዕረፍት በኋላ ቦታ ተቀያየርን፤ ፀሐይዋም ወደ ተራራው መውረድ ጀመረች። ብዙ ሳይቆይ ኮርነር አገኙ። ግመሉ እንደ ልማዱ ራቅ ብሎ ቆመ። እኔ ኳሷን ትቼ እሱን ብቻ አየሁ። ሲነሣ መንገዱ ላይ ነበርኩ። አልያዝኩትም፣ አልገፋሁትም፤ ቆምኩበት ብቻ። ጉልበቱ ደረቴን፣ ክንዱ አፍንጫዬን አገኘኝ፤ ሁለታችንም ወደቅን። መሬት ላይ ሆኜ ቀና ስል ታደሰ በሰው ሁሉ ራስ ላይ ወጥቶ አየሁት፤ እንዲያ ያለ እጅ ሰው ያለው አይመስልም። በቡጢ መታት። ኳሷ ሜዳው መሃል አብዱ እግር ሥር ወደቀች፤ ጣሊያኖቹ ሁሉ እኛ ጎል ጋ ናቸው። አብዱ ሮጠ፤ ከኋላው የሚደርስበት አልነበረም። አንድ ለአንድ! የማጀቴዎቹ ግመሎች በጩኸቱ ደንብረው አንዱ ገመዱን በጥሶ ሜዳው ውስጥ ገባ። እስኪያዝ ድረስ ሰዉ እየሳቀ ቆየ፤ ጣሊያኖቹም ሳይቀሩ።

ከአፍንጫዬ ደም እየፈሰሰ ተጫወትኩ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኮርነሩ ለኛ ሆነ። የሚመታው በቁርቁራው በኩል ካለው ጥግ ነው። አብዱ መምታት ስላልነበረበት፣ ሌላውም በድንጋጤ ስላመነታ፣ ኳሷን እኔ ይዤ ሄድኩ። ጥጉ ላይ ስቆም፣ አንቺ ትቀመጪበት ከነበረው ቦታ ሁለት እርምጃ ነው። ቀና ብዬ ሜዳውን አየሁት። ዘሃራዬ፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ይታያል! ማን የት እንደቆመ፣ ማን ማንን እንደረሳ፣ በረኛቸው እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ፀሐዩን ሲከላከል፤ ሁሉም ወለል ብሎ ይታያል። ጎሉ ፊት የተከመረው ሰው ሁሉ ወደ ላይ ለመዝለል ተዘጋጅቷል። እኔ ኳሷን መሬት ለመሬት አንከባለልኳት። ግመሉ ጎንበስ ሳይል በእግሮቹ መሃል አለፈች። አብዱ ብቻውን ቆሞ ይጠብቃታል። ከፍ አድርጎ ላካት፤ ከፀሐይዋ ውስጥ ወጥታ ስትወርድ በረኛቸው ከተሻገረችው በኋላ ነው ያያት።

ሁለት ለአንድ።

አለቃው ጨዋታው ሳያልቅ ተነሥቶ ሄደ። ወንበሩ ብቻውን ቀረ። ዳኛው መካኒኩ ነበር፤ ለራሱ ሰዎች አላዳላም፣ ፊሽካውን በጊዜው ነፋ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቃል መናገር አልችልም። ሽማግሌዎች ሲዘሉ አየሁ። ታደሰን ዘመዶቹ በጋቢ ጠቅልለው ተሸከሙት። ግመሉ ወደ እኔ መጥቶ አፍንጫዬን በጣቱ ነካ አደረገና ሳቀ፤ እጁን ዘረጋልኝ፣ ጨበጥኩት። እኔንም ሰዉ አነሣኝ። "ይመር! ይመር!" ይላሉ። ጋሼ ወልዴ ቅድም በረኛው ይቀየር ባለበት ጉሮሮ፣ "ጭንቅላት ማለት ይህ ነው! እኔ ከድሮም አውቀዋለሁ!" እያለ ይሟገታል።

ከላይ ሆኜ ከድጃን አየኋት። እልል ከሚሉት ሴቶች መሃል እሷ ዝም ብላ ቆማለች።

አውርዱኝ አልኩ። አልሰሙኝም፤ ጮኼ ነው የወረድኩት። ቁርቁራው ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ወጣሁ። "ስሙኝ" አልኩ። "ባለፈው አሰብኩበት ያልኳችሁ ውሸት ነው። ይህ ሁሉ የዘሃራ ነው። ግመሉን ያየችው እሷ ናት፣ ፀሐዩን ያየችው እሷ ናት፣ ኮርነሩ የእሷ ነው። ታደሰ ይግባ ያለችውም እሷ ነበረች። ትፈራለህ አለችኝ፤ እውነቷን ነው፤ እፈራ ነበር። ልክ ነበረች፤ በሕይወት እያለች አልነገርኳትም።"

ከዚያ ጋሼ ወልዴ ባርኔጣውን አወለቀ። "ያን ቀን የሳቅኩባት እኔ ነኝ" አለ። "አላህ ይዘንላት። በእኛም በኩል ነፍስ ይማር።" ከዚያ ከድጃ እልልታዋን ለቀቀችው። እንዴት ያለ እልልታ ነበር! ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሏት፤ ከጀውሃ የመጡት፣ አይተውሽ የማያውቁት ሳይቀሩ። ለሞተ ሰው እልል አይባልም ያለ አንድም አልነበረም።

በማግስቱ የሚጠበቀው መጣ። ካሚዮን ድንጋይ አምጥቶ ሜዳው ላይ ገለበጠ፤ እኔና አብዱም ከሥራ ተባረርን። ያዘንኩ እንዳይመስልሽ። ጋሼ ወልዴም ነግሬያችሁ ነበር አላለንም። አብዱ አሁን ለማጀቴዎቹ ነጋዴዎች ግመል ይነዳል፤ እኔ ከአባትሽ ጋር ማሽላና ጥጥ እዘራለሁ። ሼህ ኑሩ ስለ ግጥሚያው ሲነገራቸው ለብቻዬ ጠርተው፣ "እውነት ጣሊያኖቹን ያሸነፈችው ልጄ ናት?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ጥምጣማቸውን አስተካክለው፣ በትራቸውን ይዘው ወጡ። እስከ መግሪብ ድረስ የገቡበት ቤት እንዳልቀረ ጎረቤት ነገረኝ። በሳምንቱ ከቤታቸው በስተጀርባ ጦም ያደረውን መሬት፣ "ኑና ድንጋዩን ልቀሙ፤ ተጫወቱበት" ብለው ሰጡን።

አዲሱ ሜዳችን ትንሽ ያዘቀዝቃል፤ ግን የራሳችን ነው። ሙግቱም አልተቋረጠም። አሁን የታደሰ ተተኪ ማን ይሁን በሚለው ላይ ሁለት ወገን ሆነናል፤ ጋሼ ወልዴ እንደ ሁልጊዜው ተሳስቷል።

አንድ ነገር ደግሞ አባትሽን አስፈቅጄ ያደረግነው አለ። በኛ ቡድን ኮርነር ስናገኝና ያን መሬት ለመሬት የሚንከባለለውን ልንመታ ስንል፣ ተቀባዩ እንዲያውቅ ስም አወጣንለት። ሼህ ኑሩ ትንሽ አሰቡና፣ "ስሟን በጠራችሁ ቁጥር በልባችሁ ዱዓ አድርጉላት እንጂ እኔስ ደስ ይለኛል" አሉ። ባለፈው እሁድ ከደብረ ሲናዎቹ ጋር ተጋጠምን። ኮርነር አገኘን፤ አብዱ እጁን አውጥቶ "ዘሃራ!" ብሎ ተጣራ። ከዳር የቆመው ሰው ሁሉ ተቀበለው። ኳሷ ተንከባለለች፤ ገባች።

እኔ እግሬ እስኪከዳኝ ድረስ ሜዳው ውስጥ ሆኜ እጠራሻለሁ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ጥጉ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ከሚታይበት ቦታ፣ ድምፄ እስኪዘጋ ስምሽን እጣራለሁ።

ባልሽ ይመር